ለሁለቱም ቡድን ያጨበጨበችው ልጅ

የቡለቲናችን አዘጋጆች ለዚህ እትም «የምትወዱትን አንድ መጽሐፍ ለጓደኞቻችሁ አስረዱ» የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፉ፣ ከክፍላችን ልጆች አብዛኞቹ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወይም «ኦሮማይ»ን እንደሚመርጡ ገምቼ ነበር። እንዳልኩትም ሆነ። እኔም ለይሉኝታ ስል ከሁለቱ አንዱን ልጽፍ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ ደግሞም ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። እውነቱን ተናገር ከተባልኩ ግን፣ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ያነበብኩት ብቸኛ መጽሐፍ አሜሪካ ውስጥ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆች የተጻፈ፣ ሁለት መቶ ገጽ እንኳ የማይሞላ ልቦለድ ነው። ርዕሱ «ስታርገርል» ይባላል፤ በእኛ አፍ «የኮከብ ልጅ» እንደማለት ነው። ደራሲው ጄሪ ስፒኔሊ ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ከእኔ ይበልጣል ማለት ነው። «ታዲያ የልጆች መጽሐፍ ኮሌጅ ምን ያደርጋል?» የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

መጽሐፉን ያገኘሁት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከጨረስኩ በኋላ በነበረው ክረምት ነው። ሰፈራችን ያለው ቤተ መጻሕፍት በዕርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት የተደረደሩበት አንድ መደርደሪያ አለው። ታዲያ አብዛኞቹ የአናጢነት፣ የውሻ አሠለጣጠንና ዘመን ያለፈባቸው የኮምፒዩተር መማሪያዎች ናቸው። «ስታርገርል»ን ከእነሱ መሀል ተቀብሮ አገኘሁት። ያነሳሁት ቀጭን ስለሆነና እንግሊዝኛዬን ላሻሽልበት ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ዝናብ እየዘነበ ስለነበር እዚያው ቁጭ ብዬ ግማሹን ጨረስኩት።

ስለ ደራሲው ጥቂት ልበል። ስፒኔሊ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1941 ፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ኖሪስታውን ከተማ ነው። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደስ የሚለው የመጀመሪያ ጽሑፉ የወጣው ጋዜጣ ላይ መሆኑ ነው። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለ የትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን (ያው የአሜሪካኖቹ፣ በእጅ የሚይዙት ኳስ) ትልቅ ግጥሚያ ሲያሸንፍ ግጥም ጻፈ፤ የከተማው ጋዜጣም አተመለት። ካደገ በኋላ ለብዙ ዓመታት የመጽሔት አርታኢ ሆኖ እየሠራ ልቦለድ የሚጽፈው በምሳ ሰዓቱ ነበር። የመጀመሪያው መጽሐፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982፣ ዕድሜው አርባን ካለፈ በኋላ ነው። በ1991 ደግሞ «ማኒያክ ማጊ» በተባለው ሥራው ኒውቤሪ የሚባለውን የአሜሪካ የልጆች ሥነ ጽሑፍ ትልቅ ሽልማት ወሰደ። የእሱ ነገር በዚህ ይብቃ፤ ወደ ታሪኩ እንግባ።

ታሪኩ የሚፈጸመው አሪዞና በረሃ ውስጥ ባለች፣ ማይካ በምትባል የፈጠራ ከተማ ነው። የሚተርክልን የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪው ሊዮ ቦርሎክ ነው። የሊዮ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለውም፤ ግን እሱ ሲገልጻቸው ሁሉም ዩኒፎርም የለበሱ ነው የሚመስለው፤ አለባበሱም፣ አነጋገሩም፣ ቀልዱም ያው ነው። ድንገት ለየት ያለ ነገር ያደረገ ልጅ ቢኖር እንኳ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይገባል፣ እንደተለጠጠ ላስቲክ።

አንድ ቀን ማለዳ ይህች ልጅ መጣች። እስከዚያ ድረስ የተማረችው ቤቷ ውስጥ ነው። ረጅም፣ ነጣ ያለ የድሮ ዘመን ቀሚስ ለብሳለች። ጀርባዋ ላይ ዩኩሌሌ አንግታለች፤ ዩኩሌሌ ማለት አራት ክር ብቻ ያላት ትንሽ ጊታር ናት፤ ክራራችን በክር ብዛት ይበልጣታል። «ቀረፋ» የሚል ስም ያወጣችለት አይጥም አላት፤ ትምህርት ቤት ይዛው ትመጣለች። ትክክለኛ ስሟ ሱዛን ካራዌይ ነው፤ ግን ስም ሲጠባት ትቀይረዋለች። «ስታርገርል» ከመባሏ በፊት ሌሎች ሦስት ስሞች ነበሯት።

የምታደርገውን ነገር ብዘረዝር ቦታ አይበቃኝም። ምሳ ሰዓት ላይ የልደት ቀኑ የሆነውን ልጅ ፈልጋ አጠገቡ ትቆምና ዩኩሌሌዋን እየመታች ትዘምርለታለች፤ ልጁ በሐፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይመርጣል። መንገድ ላይ ሳንቲም ጣል ጣል እያደረገች ትሄዳለች፤ ሕፃናት አግኝተው እንዲደሰቱ ነው። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተሸለመ ከማስታወቂያ ሰሌዳና ከጋዜጣ እየለቀመች ስሟን ሳትጽፍ ካርድ ትልካለች። በተለይ አንዱን ልማዷን ስሙልኝ። ጋዜጣ ስታገኝ የምታነበው የፊት ገጹን ትልቅ ዜና አይደለም፤ አርታኢው ባዶ ቦታ ለመሙላት ጥግ ላይ የወሸቃትን ሁለት መስመር ወሬ ነው። የኤዲቲንግ መምህራችን ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ሳነሳ ዓይኔ መጀመሪያ ጥጉን ነው የሚፈልገው።

መጀመሪያ ልጆቹ ግራ ገባቸው። ከዚያ ወደዷት። ከዚያ ጭራሽ እሷን ለመምሰል ተሽቀዳደሙ፤ ዩኩሌሌ ተገዛ፣ አይጥ ተገዛ። ትምህርት ቤቱ ዝናብ እንደጣለበት የበረሃ እንቁራሪት ከእንቅልፉ ነቃ፤ እዚያ አገር ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ወራት የሚያሳልፉ፣ ዝናብ ሲመታቸው የሚነሱ እንቁራሪቶች አሉ። ቡድኑን በጭፈራ የሚያሟሙቁት ልጆች ተቀላቀይን አሏት፤ እሷም ገባች።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን በዚያ ዓመት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ግጥሚያ በግጥሚያ ማሸነፍ ጀመረ። ልጆቹ ማሸነፍን ቀመሷት፤ ቀምሰውም አልጠገቡም። ስታርገርል ደግሞ ለሁሉም ነው የምትጨፍረው። የእኛ ቡድን ሲያገባ ትዘላለች፤ ተጋጣሚው ሲያገባም ትዘላለች። ሲሸነፉ በነበረበት ጊዜ ይሄ የሚያስቅ ነገር ነበር። ማሸነፍ ሲጀምሩ ግን ክህደት ሆነ። በአንዱ ጨዋታ የተጋጣሚው ቡድን ኮከብ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ሲወድቅ ሮጣ ገብታ ጭንቅላቱን እቅፏ ውስጥ አደረገች። የገዛ ትምህርት ቤቷ ልጆች ይህን አዩ። ብዙም ሳይቆይ ቡድኑ ተሸንፎ ከውድድር ወጣ፤ በዚያው ጨዋታ ላይ ከተመልካች መሀል የተወረወረ ቲማቲም ፊቷ ላይ ፈረጠ። ለሽንፈቱ ሰው ሲፈለግ የተገኘችው እሷ ናት። ቅርጫት ውስጥ አንዲት ኳስ እንኳ ያልከተተች ልጅ!

መጽሐፉን የዶርም ጓደኛዬ እንዲያነበው ሰጥቼው ነበር። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው፤ ልቦለድ አይወድም። ሁለት ማታ ወስዶበት ጨረሰና «ልጆቹ አልተሳሳቱም እኮ» አለኝ።

«እንዴት?»

«እኔ የቡና ደጋፊ ነኝ። አጠገቤ የቡናን ማሊያ ለብሳ የቆመች ልጅ ጊዮርጊስ ሲያገባ ብትጨፍር ምን እንደምላት ታውቃለህ?»

«ምን ትላታለህ?»

«ባትጠይቀኝ ይሻላል።»

ሳቅን። ግን ቀጠለና ያላሰብኩትን ነገር አነሳ። መጽሐፉ ውስጥ ስታርገርል የአንዲት ተማሪ አያት ሲሞቱ፣ ሳታውቃቸው ቀብራቸው ላይ ትገኛለች፤ ከቀብር በኋላም ቤተሰቡ ቤት ትሄዳለች። የልጅቷ እናት «አንቺ ማን ነሽ?» ብላ ከቤት ታስወጣታለች፤ ወሬው ትምህርት ቤቱን ሲያዳርስም እንደ ትልቅ ነውር ይቆጠርባታል። «ይቺን ነው ያልገባኝ» አለ ጓደኛዬ። «ቀብር ሄደች ተብሎ ሰው ይወቀሳል እንዴ?»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ቀብር ላይ የተገኘን ሰው ማን ጠራህ የሚለው የለም፤ የሚወቀሰው የቀረው ነው፤ እድሩም የሚቀጣው የቀረውን ነው። ስታርገርል ማይካ ውስጥ በጉድ የታየችበት ሥራ እዚህ «ወይ ጨዋ ልጅ! የማን ልጅ ናት?» ያሰኛት ነበር። ልደቱን እየዘመሩ ማክበሩም እዚህ ያን ያህል አያስገርምም። በአንጻሩ አይጡን ይዛ እናቴ ቤት ብትመጣ መጥረጊያ ነው የሚነሳባት። በዚያን ማታ ክርክር የገባኝ ነገር ቢኖር፣ «የተለየ ሰው» የሚባለው ነገር ሰውየው ውስጥ ያለ ነገር አለመሆኑ ነው። አካባቢው ጸጥ ብሎ የተስማማበት ደንብ አለ፤ የተለየው ሰው ደንቡን የሚነካው ብዙውን ጊዜ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ነው። ስታርገርል ቤቷ ውስጥ ስለተማረች የማይካን ደንብ ማንም አልነገራትም። ደፋር የምንላት እኛ ነን እንጂ እሷ መጀመሪያ ላይ እየደፈረች መሆኑን ራሱ አታውቅም። ድፍረት የሚሆነው ደንቡን ካወቀች በኋላ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚመጣው ታሪኩ ወደ መጨረሻ ሲቃረብ ነው።

አሁን ለዲፓርትመንታችን ልጆች ወደሚመለከተው ክፍል ልምጣ። ሊዮ ተራ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ የቴሌቪዥን ሰው ነው። ከጓደኛው ከኬቪን ጋር «ሆት ሲት» የሚባል የትምህርት ቤት ፕሮግራም አላቸው፤ «ትኩስ ወንበር» እንበለው። ኬቪን ጠያቂ ነው፤ ሊዮ ደግሞ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚመራው ዳይሬክተር። እንግዳው ነበልባል የተሳለበት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ተማሪዎች ደግሞ እንደ ዳኛ ፊት ለፊቱ ተደርድረው ይጠይቁታል። ሁለቱ ልጆች ስታርገርልን ለፕሮግራማቸው የተመኟት ገና ከመጀመሪያው ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ ከየት ይገኛል?

ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ግን ሕዝቡ ፊቱን ካዞረባት በኋላ ነው። አጀማመሩ ጥሩ ነበር፤ ስለ ስሟ፣ ስለ አይጧ በፈገግታ መለሰች። ቀጥሎ ዳኞቹ ገቡ። «ለምን እንደ ሰው አትሆኚም? ለማን ነው የምትደግፊው?» ዓይነት ጥያቄ ተጀመረ፤ ጥያቄው ወደ ክስ ተለወጠ፤ ክሱም ወደ ጩኸት። ካሜራው ይቀርጻል። ሊዮ ከመስታወቱ ወዲያ ተቀምጦ ያያል። በመጨረሻ ፕሮግራሙን የሚከታተለው መምህር ነው ያስቆመው፤ የተቀረጸውም ሳይተላለፍ ቀረ።

ይህን ምዕራፍ መጀመሪያ ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቻለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አባል ነበርኩ። ጋዜጠኛ የመሆን ሐሳብ የተጠናወተኝም እዚያ ነው። ንብረታችን አንድ አምፕሊፋየር፣ በፕላስተር የተጠገነ አንድ ማይክራፎንና ምሰሶ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ድምፅ ማጉያዎች ናቸው። ዕረፍት ላይ ዜና፣ ግጥም፣ የሙዚቃ ምርጫ እናቀርባለን፤ አርብ አርብ ደግሞ ሁሉም የሚጠብቀው ጭውውት አለ። ጭውውቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

ክፍላችን ውስጥ በዚያው ዓመት ከክፍለ ሀገር ተዛውራ የመጣች ልጅ ነበረች። አይጥም ዩኩሌሌም የላትም። ልዩ የሚያደርጋት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሒሳብ መምህራችን ሰሌዳውን ሞልቶ ሲያበቃ «ያልገባው አለ?» ይላል። እንደምታውቁት ይህ ጥያቄ አይደለም፤ «ልሰርዘው ነው» ማለት ነው። ሁላችንም ዝም እንላለን። እሷ ግን እጇን ታወጣለች። «ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም።» በየቀኑ ነው። ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ከኋላ «ኡፍፍ» ይባላል፣ ወንበር ይንኳኳል፤ እሷ ዞር ብላ እንኳ አታይም። መምህሩ ቢሰለችም እንደገና ያስረዳል።

እኔም ጻፍኩላችኋ። «አልገባኝም» የሚል የአምስት ደቂቃ ጭውውት። ሙሽራዋ ቄሱ ሲጠይቋት «አልገባኝም» ትላለች፣ የታክሲ ረዳት ሒሳብ ሲላት «አልገባኝም» ትላለች፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ስሟ አልተጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገም። ድምፄን አቅጥኜ የእሷን አነጋገር እየኮረጅኩ ያነበብኩት እኔው ነኝ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን የማላውቃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ኧረ በጣም ነበር ደስ ያለኝ፤ አልዋሽም።

ሊዮ ፕሮግራሙን የሚያስቆምለት መምህር ነበረው፤ የእነሱ ደግሞ የተቀረጸ ነው፤ ካሴቱ ተደብቆ ይቀራል። የእኛ ቀጥታ ስርጭት ነበር።

ሰኞ ዕለት መምህሩ «ያልገባው አለ?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት፤ አንዳንዱ ሳቁን በእጁ አፍኖ ይጠብቃል። እጇን አላወጣችም። መምህሩም ትንሽ ጠበቀና ሰሌዳውን ሰረዘ። ከዚያ ቀን በኋላ እጇን ስታወጣ አላየሁም። የተማርነው ማትሪክስ ነበር። እኔ ደግሞ ማትሪክስ ጨርሶ አልገባኝም ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ስማር የነበረው መምህሩ ለእሷ ሁለተኛ ጊዜ ሲያስረዳ ነው። የዚያ ሴሚስተር የሒሳብ ውጤቴን እዚህ አልጽፍም።

ታዲያ መጽሐፉን ሳነብ ስታርገርልን መስዬ አይደለም ያነበብኩት። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያነብ ራሱን የሚያስቀምጠው በተገፋው ሰው ቦታ ነው፤ «እኔም እኮ አይገባቸውም» ይላል። ስፒኔሊ ግን ብልጥ ነው፤ ተራኪ ያደረገው ሊዮን ነው። ሊዮ ክፉ ልጅ አይደለም። ቲማቲም አልወረወረም፣ አልሰደባትም። ጭራሽ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች፤ በረሃ ወስዳ ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ብሎ መቀመጥ ታስተምረዋለች። መጽሐፉ ውስጥ የተለየ ውበት ያላቸው ገጾችም እነዚህ ናቸው።

ከዚያ ማግለሉ ይመጣል። ትምህርት ቤቱ በሙሉ እሷን ማናገር ይተዋል፤ ከእሷ ጋር ስለሚሄድ ሊዮንም አብረው ይተዉታል። ሰላም ሲላቸው ግድግዳ የተናገረ ያህል እንኳ አይቆጥሩትም። ይህን ክፍል ላልቀመሰው ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ ሰው ሲመታህ ቢያንስ መኖርህን ያውቃል። አርቺ የሚባሉ አንድ አዛውንት አሉ፤ የጥንት አጥንት አጥኚ የነበሩ፣ ግቢያቸው ውስጥ ካለ ትልቅ ቁልቋል ጋር የሚያወጉ። ሊዮ ሊያማክራቸው ሲሄድ ምክር አልሰጡትም፤ ከሁለቱ የማንን ፍቅር አብልጦ እንደሚፈልግ፣ የእሷን ወይስ የእነሱን፣ ብቻ ጠየቁት። «ብዙኃን ይመውኡ» ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። ሊዮም በአፉ ሳይሆን በሥራው ይህንኑ መለሰ፤ ስታርገርልን እንደ ሌላው ሰው እንድትሆን ለመናት።

እሷም ሆነችለት። ስሟን ወደ ሱዛን መለሰች፣ ጂንስ ለበሰች፣ አይጡን ቤት ተወችው፣ ሌሎቹ ልጃገረዶች የሚገዙትን ገዛች። ሊዮ በደስታ ሰከረ። ማንም ግን አላናገራትም። የመጨረሻ ተስፋዋ ፊኒክስ ከተማ የሚደረገው የንግግር ውድድር ነበር፤ አሸንፋ ስትመለስ ሰው ሁሉ በእልልታ እንደሚቀበላት በዓይነ ሕሊናዋ ታይቷት ነበር። እውነትም አሸነፈች። መኪናው ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርስ የጠበቃት ሦስት ሰው ነው። እኔን የሚያንሰፈስፈኝ ቲማቲሙ አይደለም፤ ይሄ ባዶ ግቢ ነው። በማግስቱ ሱዛን የለችም፤ ቀሚሱም ዩኩሌሌውም ተመለሱ። ያኔ ነው እንግዲህ ድፍረት የምለው። ደንቡን አውቃ፣ ዋጋውን አይታ፣ ሞክራው ተመለሰች።

ሊዮ ግን ተስፋ ቆረጠና ራቃት። የዓመቱ መዝጊያ የዳንስ ምሽት ላይ አብሯት አልሄደም፤ ውጪ ቆሞ ከሩቅ አየ። እሷ በአበባ በተሸፈነ ተጎታች ተቀምጣ፣ ጓደኛዋ ዶሪ በብስክሌት እየጎተተቻት ደረሰች፤ ጨፈረች፤ ሲንቋት የነበሩትን ልጆች ሳይቀር በሰልፍ አስከትላ በረሃው ጨለማ ውስጥ እየዘለለች ሄደችና መለሰቻቸው። በጣም የምትጠላት ሂላሪ ኪምብል መጥታ በጥፊ መታቻት። ስታርገርል ጉንጯን ሳመቻትና ሄደች። ከዚያ ምሽት በኋላ በዚያች ከተማ የታየች የለም።

ሊዮ ይህን የሚተርክልን ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ነው። እኔ መጽሐፉን ከሁሉ በላይ የማምነው በዚህ ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ፣ ታርቆ፣ ተጋብተው ኖሩ ብሎ አይዘጋውም። የትምህርት ቤቱ ልጆች አሁን በየጨዋታው ተጋጣሚው የመጀመሪያዋን ኳስ ሲያገባ ተነስተው የሚያጨበጭቡ አሉባቸው። ለሊዮ ደግሞ አንድ ቀን ላኪው ያልታወቀ የከረባት ስጦታ ይደርሰዋል፤ ጃርት የተሳለበት ከረባት። ምን ማለት እንደሆነ መጽሐፉን ለምታነቡ ልተወው።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ስታርገርል አንዳንዴ ከሰው ይልቅ መልአክ ትመስላለች፤ አትናደድም፣ ቂም አትይዝም። እኔ የማውቃቸው የተገፉ ሰዎች ተናደዋል። ስፒኔሊ ራሱ ይህ ሳይሰማው የቀረ አይመስለኝም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ተከታይ መጽሐፍ «ላቭ፣ ስታርገርል» ላይ ለሊዮ በምትጽፈው ረጅም ደብዳቤ ራሷ እንድትናገር አድርጓታል፤ እዚያ ላይ ታዝናለች፣ ትናፍቃለች። በ2020 ደግሞ በዲዝኒ ፕላስ ፊልም ሆኖ ወጥቷል፤ ዳይሬክተሯ ጁሊያ ሃርት ስትሆን ስታርገርልን የሠራችው ግሬስ ቫንደርዋል ናት፤ በ2016 ገና በአሥራ ሁለት ዓመቷ ዩኩሌሌ እየመታች ዘፍና «አሜሪካስ ጎት ታለንት»ን ያሸነፈችው ልጅ። ፊልሙ ያምራል፣ ሙዚቃውም ጥሩ ነው። መጽሐፉን አስቀድሙ ግን።

ይህን ጽሑፍ ከማስረከቤ በፊት አንድ ነገር ማድረግ ነበረብኝ። የዚያችን ልጅ ስልክ ከድሮ የክፍል ጓደኞቼ አፈላልጌ ደወልኩ። አሁን ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እየተማረች ነው። ማንነቴን ስነግራት ዝም አለች፤ ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች።

ስለ ጭውውቱ ልጽፍ እንደሆነ፣ ካልፈለገች እንደምተወው ነገርኳት። ይቅርታም ጠየቅሁ፤ ሳስበው ከነበረው በጣም አጭር ሆነብኝ። ጥቂት አሰበችና «ስሜንም ትምህርት ቤቱንም አትጥራ እንጂ ጻፈው» አለች። «ያኔ ቤት ሄጄ አልቅሻለሁ፤ እሱንም ጻፈው።» ጻፍኩት።

ልንዘጋ ስንል «ቆይ» አለችኝ። «ለመሆኑ ያ ማትሪክስ በኋላ ገባህ?»

«አልገባኝም» አልኳት።

በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ እስክሪብቶ አምጣ አለችኝ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል በስልክ አስረዳችኝ፤ ካርዴ አልቆ ተቋረጠ።